የመስኖ ፓምፕ ሞተር ጉልበት መዋዠቅ በጣና ዳርቻ፦ ምርመራና ማስተካከያ

በባሕር ዳር ዙሪያ፣ በደራ፣ በፎገራና በደንቢያ ሜዳዎች የበጋው ሽንኩርትና ቲማቲም የሚለማው በአብዛኛው ከጣና፣ ከጉማራ፣ ከርብ ወይም ከመገጭ ውሃ ስበው ወደ ማሳ በሚገፉ ትንንሽ የቤንዚን ፓምፖች ነው። ፓምፖቹ ባለ 2 ወይም ባለ 3 ኢንች ናቸው። ሞተራቸው ባለ አንድ ሲሊንደርና ባለ አራት ምት ሲሆን መጠኑ ከ160 እስከ 210 ሲሲ ይደርሳል፤ ወይ ሆንዳ ጂኤክስ 160 ነው፣ ወይ በእሱ አምሳል የተሠራ። እዚህ የሚጠቀሱት የሞተር ልኮች የጂኤክስ 160 ናቸው፤ ሌላ ሞተር ያለው የራሱን ማንዋል ማየት አለበት።

የእነዚህ ሞተሮች አስቸጋሪ ጠባይ አለመነሳታቸው አይደለም። ይነሳሉ፤ ግን ድምፃቸው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ውሃው አንዴ ይገፋል አንዴ ይዝላል፣ በቦዩ ጫፍ ያለው መደብ ሳይጠጣ ይመሻል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው እጁን የሚሰደው ወደ ገቨርነሩ ሞላ ነው። ገቨርነሩ መነካት ያለበት ግን መጨረሻ ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ እሱ የሌላውን ጥፋት ነው የሚያሳየው።

ገቨርነሩ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ክፍል ነው። በሞተሩ ሆድ ውስጥ ትንንሽ ክብደቶች የተገጠሙበት ጥርስ ይሽከረከራል። ፍጥነት ሲጨምር ክብደቶቹ ወደ ውጭ ተከፍተው በውጭ ያለውን ክንድ ይገፋሉ፤ ክንዱም ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን የካርቡሬተሩን ስሮትል፣ ማለትም ድብልቁ ወደ ሞተሩ የሚገባበትን በር፣ ይዘጋል። ፍጥነት ሲቀንስ ሞላው ክንዱን መልሶ ይስብና ስሮትሉን ይከፍታል። በዚህ ዓይነት ጭነት ቢበዛም ቢያንስም ሞተሩ በደቂቃ 3,600 ዙር አካባቢ ይቆያል። ካርቡሬተሩ የሚሰጠው ነዳጅ ካነሰ ግን ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ገቨርነሩ ስሮትሉን ይከፍታል፣ በዋናው መስመር ቤንዚን ሲመጣ ሞተሩ ይፈናጠራል፣ ገቨርነሩ መልሶ ይዘጋል፣ ነዳጁም እንደገና ያንሳል። ማቆሚያ የሌለው ከፍ ዝቅ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከሞተሩ ነው ከውሃው?

አንድም ብሎን ከመፈታቱ በፊት ይህ መለየት አለበት፤ የሚለየውም በጆሮና በዓይን ነው። አንድ ሰው ከሞተሩ አጠገብ ይቆማል፣ ሌላው የመግፊያ ቱቦውን አፍ ያያል። ድምፁና ውሃው አብረው ከወረዱ የደከመው ሞተሩ ነው። ውሃው ሲቀንስ የሞተሩ ድምፅ ለቅጽበት ወደ ላይ ከወጣ ግን ፓምፑ አየር ውጧል፤ ጭነቱ ስለቀለለ ሞተሩ ይሮጣል። በዚህ ጊዜ ካርቡሬተር መፍታት ጊዜ ማባከን ነው።

ውሃው በኩል ከሆነ ፍተሻው ከመምጠጫ ቱቦው ይጀምራል። በቱቦ ማሰሪያዎቹና በመጋጠሚያው ጎማ ላይ የሳሙና አረፋ ወይም እርጥብ ጭቃ ይቀባል፤ ጭቃው ወደ ውስጥ ከተሳበ ወይም ውሃው ከተሻለ ቀዳዳው እዚያው ነው። ቱቦው ከውሃው እስከ ፓምፑ ያለማቋረጥ እየወጣ መሄድ አለበት፤ መሐል ላይ ጉብታ ካለ አየር እዚያ ይጠራቀማል። በቱቦው ጫፍ ያለው ማጣሪያ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ከውሃው በታች ይግባ፣ ከታች ያለውን ጭቃም አይንካ። በላዩ የውሃ አዙሪት ከታየ ጥልቀቱ አልበቃም ማለት ነው። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጣና ላይ መታየት የጀመረው እምቦጭም ራሱን የቻለ ችግር ነው፤ የተበጣጠሰው ሥሩ በማጣሪያው ቀዳዳዎች ላይ ይጠመጠምና ውሃውን ቀስ በቀስ ያንቃል። ማጣሪያውን ሰፋ ባለ ቅርጫት ውስጥ ማስቀመጥ ብዙ ድካም ያስቀራል።

ከወንዝ የሚስብ ፓምፕ ሌላ ጠላት አለው። ደለልና አሸዋ ኢምፔለሩን (ውሃውን የሚገፋውን ተሽከርካሪ ክፍል) እና የተገጠመበትን ቤት ይበላዋል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሲሰፋ ሞተሩ በሙሉ ፍጥነቱ እየዞረም ውሃው ደካማ ይሆናል። ይህ ግን የማይዋዥቅ፣ ቀን በቀን የሚብስ ድካም ስለሆነ ከአየር መዋጥ ይለያል።

የከፍታው ጉዳይ

የጣና ዳርቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ይህ ፓምፑንም ሞተሩንም ይነካል። ፓምፕ ውሃን የሚያነሳው በአየር ግፊት ድጋፍ ነው። በባሕር ወለል ላይ አየር ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ያህል ይደግፋል፤ እዚህ 8.3 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ 7 ወይም 8 ሜትር ይስባል ተብሎ የተጻፈበት ፓምፕ በዚህ አካባቢ ከ5 እስከ 6 ሜትር ቢስብ ነው፤ ከ4 ሜትር በታች ሲሆን ደግሞ ተረጋግቶ ይሠራል። ጣና በመስከረምና በጥቅምት ሞልቶ እስከ ሰኔ መግቢያ ይጎድላል። በኅዳር ደህና የነበረ ፓምፕ በሚያዝያ ሲዋዥቅ አንዳንዴ የተበላሸ ነገር የለም፤ ውሃው ነው የራቀው። ፓምፑ ወደ ውሃው ይጠጋ፤ መግፋት ከመሳብ ይቀለዋል።

ፓምፑን ለማስጠጋት ጉድጓድ ቆፍሮ ሞተሩን እዚያ ማውረድ ግን ይገድላል። ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ጉድጓዱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሞተሩን ሊያጠፋ የሚወርደው ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል፣ ሊያነሳው የሚወርደውም ይከተላል። ሞተሩ ራሱም የራሱን ጭስ እየሳበ ይዳከማል።

የሞተር ጉልበት በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ በጣና ዳርቻ ይህ ከአምስት እጅ አንዱ ነው። ቀጭኑ አየር ደግሞ ለባሕር ወለል የተለካውን ካርቡሬተር ነዳጅ እንዲያበዛ ያደርገዋል፦ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ይጠቁራል፣ ቤንዚን ይባክናል። አምራቹ ሁልጊዜ ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠራ ሞተር አነስ ያለ ዋና ጄት (ነዳጅ የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) እንዲገጠም የሚመክረው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ለመርማሪው የሚጠቅም ፍንጭ አለ። ከፍታ ነዳጅን ያበዛል እንጂ አያሳንስም፤ ስለዚህ በባሕር ዳር ወይም በወረታ አንድ ሞተር ነዳጅ አንሶት የሚዋዥቅ ከሆነ ወይ የተዘጋ ቀዳዳ አለ፣ ወይ አየር የሚያስገባ ክፍተት።

ሞተሩ በኩል

ፈጣኑ ፈተና ቾክ፣ ማለትም የካርቡሬተሩ አየር መዝጊያ፣ ነው። እየተዋዠቀ ያለውን ሞተር ቾክ ቀስ ብሎ ግማሽ ድረስ መዝጋት፤ ድምፁ ከተስተካከለ ያነሰው ነዳጅ ነው። ይባስ ከታፈነና ጥቁር ጭስ ካወጣ የበዛው ነዳጅ ነው፤ ያን ጊዜ የአየር ማጣሪያው ይታይ። በአቧራማ ማሳ ዳር ማጣሪያው በየ10 ሰዓቱ ሥራ መጽዳት ይፈልጋል።

ነዳጅ ማነሱ ከተረጋገጠ ቅደም ተከተሉ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ነው። በመጀመሪያ የታንኩ ክዳን ይላላል፤ ሞተሩ ከዳነ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ቀጥሎ ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ የካርቡሬተሩ ጽዋ (ከሥሩ ቤንዚን የሚጠራቀምበት) ማፍሰሻ ይከፈትና ቤንዚኑ በንጹህ ሃይላንድ ይቀዳል። የሚንጠባጠብ ከሆነ የቧንቧው ማጣሪያ ተዘግቷል። የተቀዳው ለጥቂት ደቂቃ ይቀመጥ፤ ውሃ ካለበት ከሥር እንደ ብርጭቆ ፍሬ ተለይቶ ይታያል። በየመንገዱ በጄሪካን የሚሸጥ ቤንዚን ውሃና ቆሻሻ የመያዝ ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ ይህን ፈተና መዝለል አይገባም።

ከዚያ ካርቡሬተሩ በባለ 10 ኪያቤ ይወርዳል። ዋናው ጄት በጽዋው መሐል ወደ ላይ በቆመው ምሰሶ ውስጥ ነው። የመዋዠቁ መነሻ በአብዛኛው የሚገኘው ግን በትንሹ የዝቅተኛ ፍጥነት ጄት ነው፤ በጂኤክስ 160 ከስሮትሉ ማቆሚያ ብሎን ሥር የተቀመጠች የፕላስቲክ ቁራጭ ናት። ወደ ብርሃን ተይዛ ስትታይ ክብና ጥርት ያለ ቀዳዳ ካልታየባት፣ ለረጅም ጊዜ የቆመ ቤንዚን የተወው ሙጫ ይዟታል። በካርቡሬተር ማጽጃና በኮምፕረሰር አየር፣ ካልተገኘም በለስላሳ የብሩሽ ጸጉር ትጸዳለች። መርፌ ወይም የብረት ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋና ሞተሩን ዘላለም ነዳጅ አባካኝ ያደርገዋል።

ሲገጠም የካርቡሬተሩ ጋስኬቶች (የመጋጠሚያ ማሸጊያዎች) በነበሩበት ቅደም ተከተል ይመለሱ፤ የተሰነጠቀ ጋስኬት አየር ስለሚያስገባ ያው መዋዠቅ ይመለሳል። የካንዴላው ጫፎች ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ይደረጋል። የቫልቭ ክፍተት በቀዝቃዛ ሞተር ለማስገቢያው 0.15፣ ለማስወጫው 0.20 ሚሊ ሜትር ነው።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ አሁንም የሚዋዥቅ ከሆነ ገቨርነሩ ይነካ። የክንዱ ማጥበቂያ ለውዝ ይላላል፣ ክንዱ ስሮትሉን ሙሉ በሙሉ እስኪከፍት ይገፋል፣ የገቨርነሩ ዘንግ ክንዱ በሄደበት አቅጣጫ እስከሚችለው ይዞራል፣ ለውዙ በዚያው ይጠብቃል። ስሮትሉን ከክንዱ የሚያገናኘው ቀጭን ሞላ ከጠፋ ወይም ከተለጠጠ ገቨርነሩ ይንቀጠቀጣል፤ ይለወጣል እንጂ በፒንሳ አይጠመዘዝም። በመጨረሻ ሞተሩ ሲሞቅ ዝቅተኛው ፍጥነት 1,400 ዙር፣ ጭነት የሌለበት ከፍተኛው 3,850 ዙር አካባቢ ይደረጋል። ይህን በግምት ማድረግ አደገኛ ነው፤ በካንዴላ ገመድ ላይ የሚጠቀለል የዙር መቁጠሪያ ርካሽ ነው። ውሃ ለመጨመር ብሎ ፍጥነቱን ከዚህ በላይ መጨመር ፒስተኑን የሚይዘውን ኮኔክቲንግ ሮድ ሊሰብር ይችላል።

ውጤቱ በ200 ሊትር በርሜል ይለካል። በ20 ሴኮንድ ከሞላ በደቂቃ 600 ሊትር፣ በ30 ሴኮንድ ከሞላ 400 ሊትር ነው። ሞተሩ ደህና ሳለ የሞላበት ሴኮንድና የመምጠጫው ከፍታ በታንኩ ላይ በቀለም ቢጻፍ ቀጣዩ ፍተሻ ከግምት ይድናል። የውሃው መጠን ከፍጥነቱ ጋር እኩል ይቀንሳል፤ ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል ግን በፍጥነቱ ካሬ ስለሚወርድ፣ አሥር በመቶ ፍጥነት ያጣ ሞተር ውሃ የማንሻ ከፍታውን ወደ ሃያ በመቶ ያጣል። ማሳው ከፍ ያለበት ገበሬ ቀድሞ የሚቸገረው ለዚህ ነው።

በሰኔ ፓምፑ ሥራ ሲያቆም የነዳጁ ቧንቧ ተዘግቶ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ይሠራል፣ የጽዋው ቀሪ ቤንዚን ይፈሳል፣ የፓምፑ ቤት በንጹህ ውሃ ታጥቦ ይንጠፈጠፋል፣ 0.6 ሊትር የሚይዘው ዘይትም ያኔውኑ ይቀየራል።