ፍሎው ምንድን ነው? ራስን ለማዕበል መልቀቅ አይደለም

አንድ አስተያየት ሰጪ ሰሞኑን ፍሎውን፣ ማለትም ሰው በሚሠራው ነገር ፍጹም የሚመሰጥበትን ሁኔታ፣ ሲያብራራ «ሰርፈሮች እንደሚያደርጉት ነው፤ ራስህን ልቀቅ፣ ማዕበሉ ይወስድሃል» ብሎ ጻፈ። ሰርፈር በሰሌዳ ላይ ሆኖ የባሕር ማዕበል የሚጋልብ ሰው ነው። ይህችን አባባል ከሥልጠና አዳራሽ እስከ ቲክቶክ ስሰማት ቆይቻለሁ። እዚህ ደሴ የማስተምራቸው የሥነ ልቦና ተማሪዎችም ይዘዋት ይመጣሉ። ስህተት ናት፤ ሰውም ትጎዳለች።

ከማዕበሉ እንጀምር። ራሱን የለቀቀን ሰው ማዕበል አይወስደውም፤ ጥሎት ያልፋል። ጥልቅ ባሕር ላይ ወደ ፊት የሚጓዘው የማዕበሉ ጉልበት ነው፤ ውሃው ከፍ ዝቅ እያለ እዚያው አካባቢ ይቀራል። ስለዚህ ሰርፈሩ ማዕበሉ ሳይደርስበት በእጁ ቀዝፎ ፍጥነት ማግኘት አለበት። ከዚያ ብድግ ይላል። ከተነሳ በኋላም ክብደቱን ወዴት እንደሚጥል በየቅጽበቱ ይወስናል። ታዲያ መልቀቁ የቱ ጋ ነው?

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ እንደ ፈረንጆቹ በ1970ዎቹ ተራራ ወጪዎችን፣ ቼዝ ተጫዋቾችን፣ ዳንሰኞችንና ቀዶ ሐኪሞችን አጥንቶ ፍሎው ያለው ትኩረት በሥራው ጥርቅም ብሎ መያዙን ነው። ሰውዬው ራሱን የሚረሳው ስለ ራሱ የሚያስብበት ትኩረት ስለማይተርፈው ነው። ለዚህ ግልጽ ግብ፣ ቶሎ የሚመጣ ምላሽ፣ ከችሎታው ጋር የሚመጣጠን ፈተና ያስፈልጋል።

አንድ ጎበዝ ማሲንቆ ተጫዋች አስቡ። በባቲ ቅኝት እየተጫወተ ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ይለዋል። ግጥሙን እሱ አልመረጠውም፤ ግን ቅኝቱ ሳይሰበር ዜማ ላይ ማሳረፍ አለበት። ማሲንቆ ላይ ጣት የሚያርፍበት ምልክት የለም፤ ጣቱ ትንሽ ካለፈ ጆሮው እዚያው ይነግረዋል። ግጥሙ በጣም ከቀለለው ይሰለቻል፣ ከአቅሙ በላይ ከፈጠነበት ይጨነቃል። ልክ ሲሆንለት ሰዓቱም፣ ድካሙም፣ ሰው ምን ይለኛልም ይጠፋሉ። ለሰርፈር «ተቀበል» የሚለው ባሕሩ ነው። ልዩነቱ፣ ግጥም ሰጪው ካልተሰማ ይደግማል፤ ያመለጠ ማዕበል ግን አይደገምም። ጀማሪን ማሲንቆ አስይዛችሁ «ዝም ብለህ ልቀቀው» ብትሉት ምን እንደሚወጣ ታውቃላችሁ።

ከሙያዬ አንድ ማሳሰቢያ፦ ፍሎው በራሱ በጎ ነገር ማለት አይደለም። ቁማርተኛም ይገባበታል። የምንለካውም በአብዛኛው ሰዎች ስለ ራሳቸው በሚሰጡት መልስ ነው። መሃል ላይ ብንጠይቃቸው እናቋርጣቸዋለን፣ በኋላ ብንጠይቃቸው የሚነግሩን ትዝታቸውን ነው።

ሰርፍ መንፈሳዊ ነው የሚባለውስ? የጥንት ሃዋይያውያን ለሰርፍ ሰሌዳ ዛፍ ሲቆርጡ ሥሩ ከነበረበት ጉድጓድ ዓሣ መባ ያኖሩ ነበር። በሃዋይ ካሃሉኡ ያለው የኩኤማኑ ቤተ አምልኮ ከማዕበል ግልቢያ ጋር የተያያዘ ነው። አንዳንድ የመጋለቢያ ቦታዎች ለአለቆች ብቻ የተከለሉ ነበሩ። ይህ መንፈሳዊነት ዛፉን፣ አማልክቱንና የማኅበረሰቡን ሥርዓት ያቀፈ ነው። አንድ ሰው ውሃ ላይ የተሰማው ደስታ ብቻውን አይተካውም። እኛም ጋ፣ ወሎ ውስጥ መንዙማ ላይ ራሱን የሳተን ሰው አይቶ «ፍሎው ነው» ብሎ ነገሩን መዝጋት ድፍረት ነው። ስለ ትኩረቱ የምንለው ይኖረን ይሆናል። ለማን እንደሚያዜምና ለምን እንደሚያለቅስ የሚነግረን ግን እምነቱ ነው።

አሁን የአባባሏን ጉዳት ላንሳ። ፈተና ደርሶ የተጨነቀን ተማሪ «ልቀቅ፣ ፍሎው ውስጥ ግባ» ይሉታል። ይለቃል፤ ምንም አይመጣም፤ ከዚያ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ሥራው ከያዘው ችሎታ መብለጡ ነው። ምዕራፉን ከፋፍሉለት። የሚችለውን ጥያቄ አስቀድሙለት፣ ቀጥሎ ትንሽ የሚከብደውን። መልሱንም ሳምንት ሳይጠብቅ እዚያው ያረጋግጥ።