ክሊፕቦርድ ምንድን ነው?

አንድ ሰው የጓደኛውን ፍላሽ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካ። የሚፈልጋቸውን ፎቶዎች መረጠና ኮፒ አደረገ። ፍላሹን ነቅሎ፣ አመስግኖ መለሰ። ከዚያ የራሱን ፎልደር ከፍቶ ፔስት ሲል ምንም የሚመጣ ነገር የለም። «ኮፒ አድርጌያለሁ እኮ!» ይላል። ልክ ነው፣ አድርጓል። ያላወቀው፣ ኮፒ ያደረገው ነገር የት እንደገባ ነው።

ይህን ስህተት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ተማሪም ይሳሳተዋል፣ ለዓመታት ቢሮ የሠራ ሰውም ይሳሳተዋል። ጥፋቱ የእነሱ አይመስለኝም። ኮፒና ፔስት ስንማር የሚነገረን ስለ ሁለት ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ኮንትሮል ሲ፣ ከዚያ ኮንትሮል ቪ። በሁለቱ መሃል ስላለው ቦታ የሚያወራልን የለም።

ያ ቦታ ክሊፕቦርድ ይባላል። ስልካቸውን በአማርኛ የሚጠቀሙ ሰዎች «ቅንጥብ ሰሌዳ» ተብሎ አይተውት ይሆናል። ኮፒ ወይም ከት ያደረግነውን ነገር ፔስት እስክናደርገው ድረስ ይዞልን የሚቆይ ጊዜያዊ ማቆያ ነው። የዎርድ ብቻ አይደለም፣ የብራውዘር ብቻም አይደለም። ፕሮግራሞቹ ሁሉ በጋራ ይጠቀሙበታል። ከኢሜይል የወሰድነውን ዎርድ ላይ፣ ከዎርድ የወሰድነውን ቴሌግራም ላይ መለጠፍ የቻልነው ለዚህ ነው።

ሁለት ጠባይ አለው። በተለምዶ የሚይዘው አንድ ነገር ብቻ ነው። አዲስ ኮፒ ስናደርግ የቀድሞውን ይለቃል፤ አያስጠነቅቅም፣ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎም አይጠይቅም። ደግሞም የያዘውን የሚያስቀምጠው ራም ላይ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ ሳለ ብቻ በሚይዘው ጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ ነው። ሴቭ የተደረገ ነገር ስላልሆነ ኮምፒውተሩ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል።

አሁን ወደ ፍላሹ እንመለስ። ጽሑፍ ኮፒ ስናደርግ ጽሑፉ ራሱ ክሊፕቦርድ ውስጥ ይገባል። ፋይል ሲሆን ግን ሌላ ነው። ብዙ ጊጋባይት የሚመዝን ቪዲዮ እንዳለ ራም ላይ አይገለበጥም። ክሊፕቦርዱ የሚይዘው አድራሻውን ነው፤ ፋይሉ እዚህ ፍላሽ ላይ፣ እዚህ ፎልደር ውስጥ አለ የሚል ማስታወሻ በሉት። መገልበጡ የሚጀምረው ገና ፔስት ስንል ነው። ያኔ ፍላሹ ከተነቀለ፣ ኮምፒውተሩ ሄዶ የሚያመጣው ነገር የለውም።

ከት ላይም እንዲህ ያለ ልዩነት አለ፤ ይሄኛው ግን ሥራ ያስጠፋል። ፋይል ከት ስናደርግ ምልክቱ ደብዘዝ ይላል እንጂ ፋይሉ ከቦታው አይነሳም። ሐሳባችንን ብንቀይርም እዚያው ነው። ጽሑፍ ከት ስናደርግ ግን ወዲያው ከገጹ ይነሳል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በእጃችን ያለው ክሊፕቦርዱ የያዘው ብቻ ነው።

አንዲት ጓደኛዬ የመመረቂያ ጽሑፏን ስታስተካክል አንድ ሙሉ ክፍል ከት አደረገች። የሚገባበትን ቦታ ስትፈልግ በመሃል አንድ የመጽሐፍ ርዕስ ኮፒ አደረገች። በመጨረሻ ፔስት ስትል የመጣላት ርዕሱ ነው። የሳምንት ሥራዋ ነበር። ስትደውልልኝ ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ፋይሉን እንዳትዘጊው፣ ኮንትሮል ዜድ እየደጋገምሽ ተጫኚ» አልኳት። ኮንትሮል ዜድ የሠራነውን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ይመልሳል። ጥቂት ጊዜ እንደተጫነች ክፍሉ በነበረበት ቦታ ተመለሰ። ሴቭ አድርጋ ፋይሉን ዘግታው ቢሆን ኖሮ ይህ መንገድ አይኖርም ነበር። እኔም ከዚያ ወዲህ ረጅም ጽሑፍ ቦታ ላስቀይር ስል ከት አላደርግም። ኮፒ አድርጌ አዲሱ ቦታ ላይ እለጥፋለሁ። በደንብ መግባቱን ሳይ ነው የድሮውን የምሰርዘው።

ከት እና ፔስት መቁረጥና መለጠፍ ማለት ናቸው፤ ቃላቱ የመጡትም ከወረቀት ሥራ ነው። አርታኢዎች በእውነተኛ መቀስ አንቀጽ እየቆረጡ በሙጫ ሌላ ገጽ ላይ ይለጥፉ ነበር። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ላሪ ቴስለርና ቲም ሞት የተባሉ ባለሙያዎች ጂፕሲ የሚባል የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ሠሩ። ቦታው ዜሮክስ ፓርክ የሚባለው የካሊፎርኒያ የምርምር ማዕከል ነበር። ፕሮግራሙ የታሰበው ለመማሪያ መጻሕፍት አሳታሚ አርታኢዎች ነው። እኔን ደስ የሚለኝ ይህ ነው። ሰዎቹ የኮምፒውተርን ጠባይ እንዲማሩ ከማስገደድ ይልቅ፣ ኮምፒውተሩ የእነሱን መቀስና ሙጫ እንዲማር ተደረገ።

ቴስለር በኋላ ወደ አፕል ሄደ። አፕል በ1983 ባወጣው ሊዛ ኮምፒውተር ላይ ዜድ፣ ኤክስ፣ ሲ እና ቪ ዛሬ የምናውቀውን ሥራ ያዙ። አራቱም ኪቦርዱ ታችኛ ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ናቸው፤ ቀኝ እጃችን ማውስ እንደያዘ ግራው ይደርስባቸዋል። የከት ቁልፍ የሆነችውን ኤክስን ልብ ብላችሁ ካያችኋት የተከፈተ መቀስ ትመስላለች። ስልኮች ላይ ግን ነገሩ ዘግይቷል። የመጀመሪያው አይፎን በ2007 ሲወጣ ኮፒ ፔስት አልነበረውም፤ የመጣው በ2009 ነው።

ሌላ ሰውን የሚያናድድ ነገር አለ። ከድረ ገጽ አንድ አንቀጽ ወስደን ሰነዳችን ላይ ስንለጥፍ ፎንቱም፣ ቀለሙም፣ መጠኑም አብሮ ይመጣል። ይህ የሚሆነው ክሊፕቦርዱ አንዱን ነገር በብዙ መልክ ስለሚይዝ ነው። ጽሑፉ ከነጌጡ አለ፣ ጌጥ የሌለው ባዶ ጽሑፍም አለ። ተቀባዩ ፕሮግራም የሚመቸውን ይመርጣል። ኤክሴል ላይ አንድ ሰንጠረዥ ኮፒ አድርጋችሁ ሞክሩት። ዎርድ ላይ ሰንጠረዥ ሆኖ ይገባል። ኖትፓድ ላይ ባዶ ጽሑፍና ቁጥር ይሆናል። ፔይንት ላይ ደግሞ ሥዕል ሆኖ ይመጣል። ኮፒ የተደረገው አንድ ጊዜ ነው! ጌጡን ሳይሆን ጽሑፉን ብቻ ስትፈልጉ በብዙ ፕሮግራሞች ኮንትሮል ሺፍት ቪ ይሠራል። እሱ እምቢ ካለ መጀመሪያ ኖትፓድ ላይ ለጥፎ ከዚያ መውሰድ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይይዛል ያልኩትም እየተቀየረ ነው። ዊንዶውስ 10 ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የክሊፕቦርድ ታሪክ አለው። የዊንዶውስ ቁልፍን ከቪ ጋር ስትጫኑ ይከፈታል፤ መጀመሪያ ላይ እንድታበሩት ይጠይቃል። እስከ 25 የሚደርሱ ኮፒዎችን ያቆያል። ቀኑን ሙሉ ስምና ቁጥር ከአንድ ፋይል ወደ ሌላው ለሚያመላልስ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ጓደኛዬ ያን ቀን ቢኖራት ኖሮ ባልተንቀጠቀጠች።

ግን የጋራ ቦታ ነው ብያለሁ። የጋራ ከሆነ ሌላው ፕሮግራምም ሊያየው ይችላል ማለት ነው። አፕል በ2020 ባወጣው የአይፎን ሲስተም፣ አይኦኤስ 14 ላይ፣ አንድ መተግበሪያ ከሌላ መተግበሪያ ኮፒ የተደረገ ነገር ሲወስድ ስልኩ ለባለቤቱ መናገር ጀመረ። ያኔ ነው ብዙ ሰው ስንቱ መተግበሪያ ሳይጠየቅ እንደሚያነብ ያየው። አንድሮይድ 12ም ተመሳሳይ ማሳወቂያ ይዞ መጣ። የከፋም አለ። ክሊፕቦርድን እየጠበቁ፣ ኮፒ ያደረግነውን የክሪፕቶ ገንዘብ አድራሻ በሌባው አድራሻ የሚተኩ ቫይረሶች አሉ። አድራሻው ረጅምና የተዘበራረቀ ስለሆነ ልዩነቱን የሚያስተውል ጥቂት ነው። ስለዚህ ከለጠፋችሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ፊደላት አመሳክሩ።

ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ፓስወርድ ኮፒ አድርጋችሁ ዝም ብላችሁ አትነሱ። ከእናንተ በኋላ የሚቀመጠው ሰው ፔስት ቢል የእናንተ ፓስወርድ ይመጣለታል። አንድ ተራ ቃል ኮፒ ማድረግ የቀድሞውን ያስለቅቃል። የክሊፕቦርድ ታሪክ የበራ ከሆነ ግን ይህ አይበቃም፤ ፓስወርዱ ዝርዝሩ ውስጥ ይቀራል። ዊንዶውስና ቪን ተጭናችሁ ሁሉንም አጥፋ የሚለውን ምረጡ። እንዳይጠፋ በፒን ምልክት የተያዘ ካለ እሱን ለብቻው ሰርዙት፤ በዚያ ትእዛዝ አይጠፋም።