ለመገጣጠሚያ መድኃኒት የቲቢ ምርመራ ለምን?

ሩማቶይድ አርትራይተስ የተባለ የመገጣጠሚያ በሽታ ያለበት ሰው ኢንፍሊክሲማብ ወይም አዳሊሙማብ የተባሉ መድኃኒቶችን ከመጀመሩ በፊት የቲቢ ምርመራ ይታዘዝለታል። «የሚያመኝ ጉልበቴ ነው፤ ቲቢን ምን አመጣው?» ብሎ ግራ የሚጋባ ብዙ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው።

ነገሩ ቲኤንኤፍ ከሚባል ፕሮቲን ጋር ይያያዛል። በብዛት የሚያመርቱት ማክሮፋጅ የተባሉ የበሽታ መከላከያ ሴሎች ናቸው። ጤነኛ ሰው ላይ ጀርም ሲገባ ይለቀቃል፣ ሌሎች ሴሎችን ይጠራል፣ ሥራው ሲያልቅ ይቀንሳል። በሩማቶይድ ግን ጀርም ሳይኖርም መመረቱን አያቆምም። መገጣጠሚያው ያብጣል፣ ውሎ አድሮም አጥንቱ ይጎዳል።

መድኃኒቶቹ ይህን ፕሮቲን ያግዱታል። ለብዙ ሕመምተኞች ትልቅ እፎይታ ነው። ችግሩ ግን እዚህ ጋ ነው፤ የቲቢ ባክቴሪያ ሳያሳምም ለዓመታት ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። የመከላከያ ሴሎች እንደ አጥር ከበው ይይዙታል። አጥሩ እንዲጸና ደግሞ ቲኤንኤፍ ያስፈልጋል። ፕሮቲኑ ሲታገድ አጥሩ ይላላል፣ የተኛውም ሊነሳ ይችላል። ኢንፍሊክሲማብ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በ2001 በወጣ ጥናት፣ መድኃኒቱን ከወሰዱ በኋላ ቲቢ የያዛቸው 70 ሰዎች ተመዝግበዋል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ላይ በሽታው የታየው ከሳንባ ውጭም ነበር።

ምርመራው የተኛ ቲቢ ካሳየ መድኃኒቱ ተከለከለ ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የመከላከያ ሕክምና ይሰጣል፣ ከዚያ ይጀመራል። ቲቢ በተስፋፋበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር ይህን መዝለል በጣም አደገኛ ነው። ቤት ውስጥ ቲቢ የታመመ ሰው ከነበረ፣ ምርመራው ነጻ ቢልም ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።