የአዋጁን በጆሮ

ባለፈው እዚህ ደሴ ፒያሳ የጀበና ቡና በምጠጣበት በረንዳ ላይ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ዱካቸውን ሳብ አድርገው ተጠጉኝና፣ ግራ ቀኙን አይተው፣ ጆሮዬ ሥር "ስማ ልጄ፣ ለማንም እንዳትተነፍስ፤ የቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አይነስ የሚል ሕግ ሊመጣ ነው አሉ" አሉኝ። ቡና የምታፈላው ልጅ ሰምታ ሳቀች። "አባባ፣ የአዋጁን በጆሮ!"

ልክ ናት። አዋጁ ቁጥር 1320 ተብሎ በ2016 ወጥቷል። አባባሉም የሚሰነዝረው እንዲህ ያለው ሰው ላይ ነው፤ አገር ያወቀውን እንደ ምስጢር ለሚያንሾካሹክ።

መነሻው ነጋሪት ነው። ድሮ የንጉሥ ቃል የሚነገረው በገበያ ቀን ነው፤ እኛ ጋ ቢሆን ሰኞ ገበያ ላይ ማለት ነው። ነጋሪቱ ይጎሰማል፣ ለፋፊው "አዋጅ አዋጅ፣ የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" ይላል። በርበሬ ሻጩም በግ ነጂውም ሰምቷል። ከዚያ በኋላ ጆሮ ሥር ምን ይባላል?

ዛሬ ከበሮው የለም፣ ስሙ ግን ጋዜጣው ላይ ቀርቷል። ነጋሪት ጋዜጣ መታተም የጀመረው በ1934 ነው፣ የፌዴራሉ ደግሞ በ1987 ተቋቋመ። ረቂቁ ለተወካዮች ምክር ቤት ይቀርባል፣ ቋሚ ኮሚቴ ያየዋል፣ ድምፅ ይሰጥበታል፣ ለፕሬዚዳንቱ ይላካል። በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙ ሳይፈርሙም ሕግ ይሆናል (ይቺን ብዙ ሰው አያውቃትም)። የአማራ ክልል ምክር ቤት የሚያወጣው በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ይታተማል። ደሴም ኮምቦልቻም የየራሳቸው የከተማ ምክር ቤት አላቸው፣ ከፌዴራሉና ከክልሉ ሕግ ግን አይወጡም።

እኔን የሚያበሽቀኝ መመሪያ የሚሉት ነው። አዋጅ ምክር ቤት ያወጣል፣ ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣል፣ መመሪያ ግን መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው። አንዴ አንድ ቢሮ መስኮት ላይ "አዲስ መመሪያ ወጥቷል፣ በዚህ አይስተናገድም" ተባልኩ። "እስቲ ላንብበው?" ብል፣ ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ውስጥ ነው ያለው፣ ለውጭ ሰው አይሰጥም" አለኝ። እንዴ! ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የወጣው አዋጅ 1183/2012 እኮ ረቂቅ መመሪያ ለሕዝብ አስተያየት ክፍት ይሁን፣ የጸደቀውም ይመዝገብ፣ ድረ ገጽ ላይ ይውጣ ይላል። የኔው ቢሮ የክልል ነበር፣ ቢሆንም ገርሞኛል። እዚህ ጋ አባባሉ ተገልብጧል። አዋጅ ሊሆን የሚገባው ራሱ በጆሮ ነው የሚነገረው።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። ቶናው ሲቀዳ ዞር ብለው "አንተስ ያኔ አዋጁ ሲወጣ ሰምተኸዋል?" አሉኝ።

አልሰማሁም። የነገረኝ አከራዬ ነው፣ ያውም በር ላይ ቆሞ፣ ቀስ ብሎ።