ጸጋን ለአገልግሎት ማዋል በሰሜን ሸዋ

በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ መንዝና መርሐ ቤቴ ባሉ አጥቢያዎች፣ ምእመን የተሰጠውን ችሎታ ለቤተ ክርስቲያንና ለወገን ሲያውል «ያገለግላል» ይባላል። የሚያገለግለውም በድምፁ፣ በእጅ ሙያው፣ በትምህርቱ ወይም በጉልበቱ ነው። የልማዱ መሠረት በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የተጻፈው የመክሊት ምሳሌ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ ታነበዋለች። ዕለቱም ገብር ኄር ይባላል። መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ አልሰረቀም፣ አላባከነም፤ የተወቀሰው ሳይሠራበት በመቅረቱ ነው። ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም በዚሁ ምሳሌ አዘውትረው ይሰብካሉ።

ከሁሉ ከፍ ያለ ክብር የተሰጠው ለድምፅና ለዕውቀት ነው። በሰሜን ሸዋ ያለው የተጉለት ስም ከቤተልሔም፣ ከቆማና ከአጫብር ጋር በቤተ ክርስቲያን ዜማ ስልትነት ይነሳል። በአብነት ትምህርት ቤት መምህሩ ደቀ መዝሙሩን ክፍያ አይጠይቅም፤ ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሹን ለምኖ ይማራል፣ ሲገፋም ከሥሩ ያሉትን ያስቀጽላል፣ ማለትም ያስጠናል። እንዲህ ያለው ቅብብሎሽ ምን ያህል እንደሚዘልቅ ከሸዋ ሊቃውንት ሥራ ይታያል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ቀጠሉት፤ እሳቸውም ኅትመቱን ሳያዩ ስላረፉ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ሦስት ሰው ዕድሜውን የሰጠበት ሥራ ነው።

የእጅ ሙያ ግን እንዲህ አልተዘመረለትም። ጧፍን እንውሰድ። እማሆይ ወይም የሰፈር እናት ጥጡን ትባዝታለች፣ ትፈትላለች፣ ክሩን በቁመት ለክታ ትደርባለች። ከዚያ የቀለጠ ሰም እያጠጣች፣ ሰሙ ሳይደርቅ በመዳፏ እያሾረች ታለሰልሰዋለች። ሰሙ ከመጠን በላይ ከጋለ በክሩ ላይ ሳስቶ ይቀራል፤ ከቀዘቀዘም ይጓጉላል። ልኩን የሚያውቀው እጇ ነው። ጧፉ በቅዳሴው ሰዓት ይበራል፤ የሠራችውን ግን ስሟን የሚያነሳ የለም። በመንዝም ሴቶች የበግ ፀጉር ፈትለው ወንዶች ባና እና ዝተት የሚባሉ የሱፍ ልብሶች ይሠሩበታል፤ በዚያ ብርድ አገር ለአቅመ ደካማ የሚሰጥ ባና ቀላል ስጦታ አይደለም።

ከዚህም የከፋ አለ። በአንኮበር አካባቢ «ጠቢባን» የሚባሉት ብረት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ማረሻውንና ማሰሮውን ለአገሩ ሁሉ እየሠሩ፣ «ቡዳ» እየተባሉ ከጋብቻና ከማዕድ ሲገለሉ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አውጥተዋል፤ ስድቡ ግን በዐዋጅ ብቻ አልጠፋም። የመገናኛው ድንኳን እንዲሠራ ወርቅ፣ ብርና ናስ የሚሠራው ባስልኤል በእግዚአብሔር መንፈስ እንደተሞላ በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 31 እያነበቡ አንጥረኛውን መናቅ፣ በእኔ እይታ የዚህ ባህል ትልቁ ጉድለት ነው።

ጉልበት በደቦ ይሰጣል። የደብሩ ግንብ ሲነሳ ወንዱ ድንጋይ ያቀርባል፣ ሴቷ ውኃና ጠላ፤ አናጺውና ግንበኛው ደግሞ ሙያቸውን።

ዛሬ የአገልግሎቱ መልክ ሰፍቷል። በሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቱ መዝሙርና የሥነ ጽሑፍ ሥራ ያዘጋጃል። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተማሪዎች በግቢ ጉባኤ ይሰባሰባሉ። የሒሳብ ባለሙያ የሰበካ ጉባኤውን መዝገብ ይመረምራል፣ ነርሷ የታመመ አረጋዊ ቤት ድረስ ሄዳ ትጠይቃለች፣ መምህሩ ለፈተና የሚዘጋጁ ልጆችን ያስጠናል። ክርክሩም አብሮ መጥቷል። ደመወዝተኛው ቅዳሜውን ቢሰጥ እንጀራው አይጎድልበትም፤ የቀን ሠራተኛው አናጺ ግን «በረከት ነው» ተብሎ ለሳምንት ሲያዝ ቤቱ ጾሙን ያድራል። አንዳንድ አጥቢያዎች ለዚህ መላ አበጅተዋል፤ አናጺው ሙያውን በነጻ ሲሰጥ ምእመናን እህል አዋጥተው የቤተሰቡን ቀለብ ይሸፍናሉ።