የግንባታ ፍርስራሽና ትራፊ አያያዝ በድሬዳዋ

ድሬዳዋ የጅቡቲው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከዚራና መጋላ የተባሉትን ሰፈሮች የሚለየው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይከርማል፤ ተራራው ላይ ሲዘንብ ግን ባንድ ጊዜ ሞልቶ ይወርዳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ላይ የደረሰው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ስለዚህ እዚህ ከተማ የሕንፃ ፍርስራሽ የት ተደፋ የሚለው ጥያቄ ከጽዳት በላይ ነው። ደረቅ ወንዝ ለገልባጭ መኪና ይመቻል፣ ክፍያም የለውም፤ እዚያ የተከመረ ብሎኬትና የመሠረት አፈር ግን የውኃውን መንገድ ያጠባል፣ ጎርፉም ወደ ሰው ቤት ይዞራል።

የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ስለ ግንባታና ስለ ሕንፃ ፍራሽ ለብቻው ደንግጎ ነበር። ይሁንና አብዛኛው ብክነት የሚወሰነው መኪናው ከመጫኑ ብዙ ቀደም ብሎ፣ ሕንፃውን የሚያስገነባው አልሚ ከነዳፊው ጋር በተቀመጠበት ሰዓት ነው።

ብሎኬት 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አለው። የክፍሉ ልክ፣ በርና መስኮቱም ጭምር፣ ይህን ተከትሎ ከተነደፈ ግንበኛው ብዙ አይሰብርም፤ ካልተከተለ በየረድፉ ጫፍ አንድ ብሎኬት ይሰበራል፣ ግማሹም ይጣላል። ፌሮ፣ ማለትም የአርማታ ብረት፣ በ12 ሜትር ይመጣል። ለምሰሶ 5 ሜትር የሚፈለግ ከሆነ ከእያንዳንዱ ብረት 2 ሜትር ይተርፋል። የቆረጣ ዝርዝሩ አስቀድሞ ከተሠራ ያ ትራፊ ከበር በላይ ለሚያልፍ አጭር አግዳሚ ይውላል፤ ካልተሠራ ቁራሌው በኪሎ ይወስደዋል። አርማታ የሚሞላበት ቅርጽ፣ ካሳፎርማም፣ እንዲሁ ነው፤ ጣውላው በዘይት ተቀብቶ በጥንቃቄ ከተነቀለ ደጋግሞ ያገለግላል፣ በዲጂኖ ከተገነጠለ ግን ከአንድ የአርማታ ሙሌት በኋላ ማገዶ ነው። ብዙ ተመሳሳይ ወለል ለሚሠራ አልሚ የብረት ካሳፎርማ ይሻላል።

የድሬዳዋ ሙቀት የራሱን ብክነት ይጨምራል። ረፋድ ላይ በብዛት የተቦካ ማልታ (የሲሚንቶና የአሸዋ ቡኮ) ግንበኛው ሳይጨርሰው ይደርቃል፤ ልምድ ያለው ፎርማን ጥቂት በጥቂት፣ በጥላ ሥር ያስቦካል። ሲሚንቶ ፋብሪካው ከተማዋ ውስጥ እያለ ለወራት የሚበቃ ከረጢት አምጥቶ መከመርም ትርጉም የለውም፤ እርጥበት ያገኘው ይጋገራል።

የወጣው ፍርስራሽ ዋጋ የሚኖረው ሳይቀላቀል ሲቀር ነው። ንጹሕ የብሎኬትና የአርማታ ስባሪ ተወቅጦ ከወለል በታች ሙሌት ወይም የግቢ መንገድ መደላድል ይሆናል። ከአሮጌ አርማታ የተፈጨ ጠጠር ግን ውኃ በብዛት ስለሚመጥ ለምሰሶና ለጣሪያ አርማታ ባይውል ይመረጣል። ጂፕሰም፣ ቀለምና ፕላስቲክ የገባበት ክምር ለማንም አይጠቅምም፤ የሳይት መሐንዲሱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለየብቻ ማስከመር አለበት። ይህን ማንም ግቢ ያለው አልሚ ሊያደርገው ይችላል፣ የሚጠይቀው ጥቂት ቦታና አንድ ተቆጣጣሪ ብቻ ነው።

በዚህ ረገድ ሐረር ብዙ ታስተምራለች። በግንብ የታጠረው የጥንቱ ከተማ የጀጎል ቤቶች ግድግዳ ድንጋይ በጭቃ የተያያዘ ነው፤ ቤት ሲፈርስ ጭቃው ይረግፋል፣ ድንጋዩ ሳይጎዳ ለሌላ ግድግዳ ይነሳል፣ የጣሪያው እንጨትም እንዲሁ። በሲሚንቶ የተገነባ ድንጋይ ግን ከማልታው ጋር ተጣብቆ ይሰባበራል። ፎቅ በጭቃ ይሠራ ለማለት አይደለም፤ በከዚራ አሮጌ የድንጋይ ቤት ገዝቶ የሚያፈርስ አልሚ ግን በኤክስካቫተር ከመናዱ በፊት በሩን፣ ቆርቆሮውንና ጥርብ ድንጋዩን በእጅ ቢያስወርድ ሸጦም ሆነ መልሶ ገንብቶበት ይጠቀማል። የአስቤስቶስ ጣሪያ ከተገኘ መሰባበር የለበትም፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል፣ በውኃ ረጥቦ ሙሉውን መውረድ ይገባዋል።

የሚቀረው ውል ነው። ፍርስራሽ ማንሳት በጠቅላላ ዋጋ ውስጥ ከተዋጠ ተቋራጩ የሚያተርፈው በአቅራቢያው በመድፋት ነው። ራሱን የቻለ የክፍያ መስመር ሆኖ፣ የመድፊያው ቦታ በስም ተጽፎ፣ ሾፌሩም ከዚያ የተቀበለውን ደረሰኝ ሲያመጣ ብቻ የሚከፈል ከሆነ፣ መኪናው ወደ ደቻቱ የሚታጠፍበት ምክንያት አይኖረውም።