ላየን ኪንግ በመድረክ፦ በጭነት መኪና ከከተማ ከተማ የሚዞረው ሳቫና

ላየን ኪንግ ሲባል አብዛኛው ሰው ትዝ የሚለው እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የዲዝኒ ካርቱን ፊልም ነው። ከዚያ ፊልም የተወለደው ሙዚቃዊ ቴአትር ግን የራሱ ታሪክ አለው። በ1997 ተጀመረ፣ ዛሬም እየታየ ነው። ብሮድዌይ በሚባለው የኒው ዮርክ የቴአትር ሰፈር ቋሚ ቤት አለው፣ ለንደንም እንዲሁ። ከነዚህ ሌላ ደግሞ ዝሆኑንና ቀጭኔውን በጭነት መኪና ጭነው ከከተማ ከተማ የሚዞሩ ቡድኖች አሉት። በዓለም ዙሪያ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል። (እዚህ የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ አጭር ነው። ሲምባ የሚባል የአንበሳ ደቦል አባቱን ሙፋሳን ያጣል። የገደለው አጎቱ ስካር ነው፤ ጥፋቱን ግን በልጁ ላይ ይለጥፍበታል። ልጁ ይሰደዳል፣ በሰው አገር ያድጋል፣ ተመልሶ ዙፋኑን ያስመልሳል። የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ሐምሌት ያነበበ ሰው አጎትየውን ገና ሲገባ ያውቀዋል።

እንስሳ ዙፋን ላይ አስቀምጦ ስለ ሰው ማውራት ለኛ አዲስ አይደለም። በዘመናዊው የኢትዮጵያ ቴአትር ታሪክ የመጀመሪያው የሚባለው ተውኔት የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ፋቡላ ነው፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ። በእንስሳት ተረት እያዋዛ የዘመኑን ሹማምንት ይነካል። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። የዲዝኒው አንበሳ እንዲህ ያለ ጣጣ አልገጠመውም፤ የሚነካው ሹም የለማ!

ፊልሙ ገበያውን ካጥለቀለቀ በኋላ የዲዝኒ አለቆች ወደ መድረክ ሊያመጡት ፈለጉ። ግን እንዴት? ሰው የአንበሳ ቆዳ ለብሶ በአራት እግሩ ቢሄድ የልጆች ልደት ላይ እንደሚመጣው ማስኮት ነው የሚሆነው። ያኔ ሥራው ለጁሊ ቴይሞር ተሰጠ። ቴይሞር ከትልልቅ የንግድ ቴአትሮች ይልቅ በሙከራ ሥራ የምትታወቅ አዘጋጅ ነበረች። በወጣትነቷ ኢንዶኔዢያ ለዓመታት ኖራለች፤ የጃቫን የጥላ አሻንጉሊትና የጭምብል ጥበብ እዚያው ተምራለች። የጃፓኑን ቡንራኩም ታውቃለች፤ በቡንራኩ አሻንጉሊቱን የሚያንቀሳቅሰው ሰው አይደበቅም፣ ተመልካች ፊት ነው የሚሠራው።

የቴአትሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ቴይሞር ተዋናዩን አልደበቀችውም። የሙፋሳ ጭምብል ፊቱን አይሸፍንም፣ ከራሱ በላይ ነው የሚቀመጠው። ሲቆጣ ጎንበስ ይላል፣ ያኔ ጭምብሉ በሞተር ተገፍቶ ፊቱ ላይ ይወርዳል። ሲረጋጋ ወደ ላይ ይመለስና የሰውየው ፊት ይታያል። ጭምብሉ ከባድ ይመስላል እንጂ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ስለሆነ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ጢሞን የሚባለውን ፍጥረት የሚያንቀሳቅሰው ሰው ከራስ እስከ እግሩ አረንጓዴ ለብሶ ከኋላው ይቆማል። ዛዙ የተባለውን ወፍ የያዘውም እንዲሁ ፊት ለፊት ይታያል። በአማርኛ ሰምና ወርቅ የምንለውን ያስታውሰኛል፣ አንድ ልዩነት ግን አለ። በቅኔ ወርቁ ይደበቃል፤ ፈልገህ ነው የምታገኘው። እዚህ ሰሙም ወርቁም አንድ ላይ ተሰጥቷል። ሰውየውን ታየዋለህ፣ አንበሳውንም ታየዋለህ፣ የትኛውን እንደምታይ የምትመርጠው አንተ ነህ። ልጆች አምስት ደቂቃ አይፈጅባቸውም፣ ሰውየውን ይረሱታል። እኛ ትልልቆቹ ግን እንዴት እንደተሠራ ስንመራመር ግማሹ ያመልጠናል።

የመጀመሪያው ሙከራ በሐምሌ 1997 ሚኒያፖሊስ ላይ ታየ። ኅዳር 13 ቀን 1997 ብሮድዌይ ገባ። በ1998 የብሮድዌይ ትልቁን የቴአትር ሽልማት፣ ቶኒን፣ በስድስት ዘርፍ ወሰደ፣ ምርጥ ሙዚቃዊ ቴአትር የሚለውን ጨምሮ። ቴይሞርም ሙዚቃዊ ቴአትር በማዘጋጀት ቶኒ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ውዝዋዜው የጋርዝ ፌጋን ነው፣ የመድረክ ገጽታው የሪቻርድ ሃድሰን፣ መብራቱ የዶናልድ ሆልደር። ጭምብሎቹንና አሻንጉሊቶቹን ከቴይሞር ጋር የሠራው ማይክል ከሪ ነው። በ2013 ብሮድዌይ ላይ ብቻ ገቢው 1 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። ከሱ በፊት እዚያ የደረሰ ትርኢት የለም።

አሁን አዳራሹ ውስጥ እንግባ።

መብራት ይጠፋል። አንዲት ሴት ብቻዋን ትወጣለች፤ ጠቢቧ ዝንጀሮ ራፊኪ ናት። በፊልሙ ራፊኪ ወንድ ነው። ቴይሞር ታሪኩ ጠንካራ ሴት ይጎድለዋል ብላ ወደ ሴት ለወጠችው፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ደግ አደረገች። ራፊኪ በዙሉ ቋንቋ ትጣራለች። የምትለው ነገር ባጭሩ "አባቴ፣ አንበሳ እየመጣ ነው" ነው። ሌላ ድምፅ ከአዳራሹ ጎን ይመልስላታል። ከዚያ ከመድረኩ ወለል ፀሐይ ትወጣለች። ፀሐይዋ ሌላ ምንም አይደለችም፣ በቀጫጭን ዘንጎች ላይ የተዘረጋ ቁርጥራጭ ሐር ናት። ስትነሳ እየተወዛወዘች ስለሆነ በሙቀት የሚርገበገብ አየር ትመስላለች። ሁለት ቀጭኔዎች በቀስታ ያቋርጣሉ። ቀጭኔው ውስጥ ያለው ሰው በእግሩም በእጁም ምርኩዝ አስሮ በአራት እግር ነው የሚሄደው። አቦሸማኔው ይመጣል፤ የአቦሸማኔው አንገት ከተወዛዋዧ ራስ ጋር በገመድ የተያያዘ ስለሆነ እሷ አንገቷን ስታዞር እሱም ያዞራል። ሚዳቋዎቹን የያዘ ተወዛዋዥ አንዷን በራሱ፣ ሁለቱን በሁለት ክንዱ ተሸክሞ ይዘላል።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ዓይንህ መድረክ ላይ ነው። ድንገት ከጎንህ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ይሰማሃል። ዝሆን ነው። ከ3 ሜትር በላይ ቁመት ያለው፣ አራት ሰው ውስጡ ሆኖ የሚያስኬደው ዝሆን፣ በወንበሮቹ መሃል ባለው መተላለፊያ እየተራመደ ወደ መድረኩ ይሄዳል። ወፎች በረዣዥም ዘንግ ጫፍ ላይ ሆነው ከራስህ በላይ ይዞራሉ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፣ ገና ማንም ሳይሞት።

ስለዚህ የሐበሻ ሰዓት እዚህ አይሠራም። እንስሳቱ በመተላለፊያው ስለሚገቡ ዘግይቶ የመጣን ሰው በዚያ መሃል አያስገቡም፤ ውጭ ያቆሙታል። የመክፈቻውን አሥር ደቂቃ ያጣ ሰው ደግሞ የትኬቱን ግማሽ ዋጋ አጥቷል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ትኬት ስትቆርጡም ምድር ቤት ካገኛችሁ ከመተላለፊያው አጠገብ ያለውን ወንበር ያዙ። ኪስ ካልፈቀደ ሰገነቱም አያሳዝንም፣ የመድረኩ ሥዕል ከላይ ሲታይ ያምራል።

ድርቁ የሚታይበት ትዕይንትም አለ። መድረኩ ላይ ክብ ሰማያዊ ጨርቅ ተዘርግቷል፣ ውሃ ነው። ቀስ በቀስ በወለሉ ቀዳዳ ወደ ታች ይሳባል። ኩሬው ያንሳል፣ ያንሳል፣ ያልቃል። ሌላ ምንም የለም። ድርቅን በወሬ ሳይሆን በዕድሜው ለሚያውቅ አገር ሰው ያቺ ጨርቅ ትከብዳለች። አንበሶቹ ሙፋሳን ሲያለቅሱም ከዓይናቸው ነጭ ሪባን ይመዛሉ፤ እንባቸው እስከ ወለል ይወርዳል።

ሙዚቃው ሁለት ፊት አለው። ኤልተን ጆንና ቲም ራይስ ለፊልሙ የጻፏቸው አምስት ዘፈኖች አሉ፣ ለመድረኩ ሌሎች ሦስት ጨምረዋል። እውነቱን ለመናገር የተጨመሩት ሦስቱ ባይኖሩም ማንም አይጠይቅም። ቴአትሩን የተሸከመው ሌላው ሙዚቃ ነው፣ የደቡብ አፍሪካዊው የሌቦ ኤም ኅብረ ዝማሬ። ሌቦ ኤም ሶዌቶ ተወለደ፣ በአፓርታይድ ዘመን ገና ልጅ ሳለ ወደ ሌሶቶ ተሰደደ። ከዚያ ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው በዱክ ኤሊንግተን የጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ። አገሩ የመጀመሪያውን የሁሉም ዜጋ ምርጫ ያደረገችው በሚያዝያ 1994 ነው፤ ፊልሙ የወጣው በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ። ተሰዶ አድጎ አገሩ ስለሚመለስ ልጅ የሚናገር ታሪክ ላይ የስደተኛ ድምፅ ሲገባበት ይሰማል። ግጥሞቹ በስዋሂሊ፣ በዙሉ፣ በኮሳ፣ በሶቶ፣ በጽዋናና በኮንጎ ቋንቋ ናቸው። አማርኛ የለበትም። ታዋቂው ሐኩና ማታታ ግን እኛ በቀን አሥር ጊዜ የምንለው "ችግር የለም" ነው።

ከሙዚቃው ጋር የተያያዘ አንድ የሚያሳዝን ጉዳይ አለ። ስለተኛው አንበሳ የሚዘፈነውን ዜማ ፊልሙ ውስጥ የሰማ ሁሉ ያንጎራጉረዋል። ምንጩ ሰለሞን ሊንዳ የተባለ ዙሉ ድምፃዊ በ1939 የቀዳው ምቡቤ ነው። ምቡቤ ማለት አንበሳ ነው። ሊንዳ በ1962 ደሃ እንደሆነ ሞተ። ቤተሰቦቹ በ2004 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ዲዝኒን ከሰሱ። በ2006 የመብቱ ባለቤት ከሆነው የሙዚቃ ድርጅት ጋር ተስማሙ።

ወደ መንገዱ እንምጣ። የሰሜን አሜሪካው ዙረት በ2002 ዴንቨር ላይ ተጀመረ፣ እስካሁን ከ20 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አይቶታል። ብሪታንያን የዞረው በ2012 ከብሪስቶል ተነሳ። ዓለም አቀፉ ደግሞ በ2018 ከማኒላ። ይህኛው በ2022 አቡ ዳቢ ደርሶ ነበር። ጆሃንስበርግ ላይ በ2007 ለብቻው ታይቷል። ሐበሻ በብዛት ባለበት በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ዙረቱ ኬኔዲ ሴንተር በተባለው የቴአትር ማዕከል ደጋግሞ አርፏል።

የሚዞር ቴአትር ከቋሚው ጋር አንድ አይደለም። ብሮድዌይ ላይ አንበሳው የሚቆምበት ዓለት ከወለሉ ስር እየተሽከረከረ ይወጣል። በየከተማው ያለው አዳራሽ ግን ወለሉን አስቆፍሮ አይጠብቅህም። ስለዚህ በዙረቱ ዓለቱ ከጎን ተገፍቶ ይገባል። ልዩነቱን የሚያውቀው ሁለቱንም ያየ ብቻ ነው። ሁለቱ ከበሮ መቺዎች ግን እዚህም ከመድረኩ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። አሰልቺ ክፍል ሲመጣ (ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ትንሽ ይጎተታል) እኔ የማየው እነሱን ነው። በእጃቸው ምን እያደረጉ እንደሆነ መከታተል ብቻውን ትርኢት ነው።

ከቡድኑ ጋር የሚዞረው ከመቶ ሰው በላይ ነው፤ ተዋናይ፣ ሙዚቀኛ፣ ልብስ ሰፊ፣ አሻንጉሊት ጠጋኝ። ጭነቱ ከአሥር በላይ ረዣዥም ተሳቢ መኪና ይሞላል። ከሚደርሱበት ከተማ ተጨማሪ የመድረክ ሠራተኛ ይቀጥራሉ። ትንሹን ሲምባና ጓደኛውን ትንሿን ናላ ሁለት ሁለት ልጆች እየተፈራረቁ ይጫወቷቸዋል። ልጆቹ አስተማሪ አብሯቸው ይዞራል፤ ጠዋት ሒሳብ፣ ማታ ዙፋን። ቁመታቸውም ይለካል። ደቦል ከተወሰነ ቁመት ካለፈ ሥራው አበቃ፣ ሌላ ልጅ ይፈለጋል።

ለቤተሰብ ጥቂት ነገር። ትርኢቱ ዕረፍቱን ጨምሮ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ከስድስት ዓመት በላይ ላለ ልጅ ይመከራል። ጅቦቹ ሲወጡና የእንስሳቱ መንጋ በድንጋጤ ሲሮጥ ድምፁ ከባድ ስለሆነ ሕፃን ይደነግጣል። ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ተብሎ ብሮድዌይ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ትርኢት የተዘጋጀው በዚሁ ቴአትር ነው፣ በጥቅምት 2011። ድምፁና መብራቱ ረገብ ተደረገ፣ ልጆቹም እንደፈለጉ ተነስተው እንዲንቀሳቀሱ ተፈቀደ።

ነቀፌታም አለ። አፍሪካ እዚህ አገርም ከተማም የላትም፣ ሳርና ፀሐይ ብቻ ናት። ትኬቱ ውድ ነው፤ አምስት ሆኖ የሚሄድ ቤተሰብ ወጪውን ቀደም ብሎ ቢያስብበት ይሻላል። በሌላ በኩል ደግሞ ከ1997 ጀምሮ ብዙ ደቡብ አፍሪካውያን ድምፃውያን በዚህ ሥራ እንጀራቸውን በልተዋል። ሁለቱም እውነት ነው።

ወቅቱ ሲያልቅ ነገሩ ሁሉ በፍጥነት ይሆናል። የመጨረሻው ጭብጨባ እንዳበቃ ሠራተኞች መድረኩን መፍታት ይጀምራሉ። ፀሐይዋ ትታጠፋለች። ዝሆኑ ይበታተናል። ጭምብሎቹ ሳጥናቸው ውስጥ ይገባሉ። ከውጭ የመኪኖቹ ጭራ በር ተከፍቶ ይጠብቃል።